ከስክሪንሾት ዳንቴል ይሻላል

ባለፈው ዓመት አዳማ ውስጥ አንድን ንጹሕ ሰው ሌባ ነው ብዬ ለከተማ አሳየሁ። ፖሊስ አይደለሁም፤ ዳኛም አይደለሁም። ምሕንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር፣ ‹‹መረጃ አይዋሽም›› ማለት የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ስህተቴን ያረሙልኝ ደግሞ ዳንቴል የሚሠሩ የሰፈራችን እናቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ጥብቅና ነው። በየቴሌግራሙ ሌባ ለምናድን እኩዮቼ ደግሞ፣ እኔን ጨምሮ፣ ክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ለሠራተኞች የኮንትራት ምሳ እያበሰለች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤት አለችኝ። አንድ ቀን ምሳ አድርሳ ስትመለስ የቡታጋዝ ሲሊንደሯ የለም። ሲሊንደር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ያውቃል። ለእሷ ግን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቷ ነው። ግቢው በለቅሶ ተናወጠ።

እኔም ጀግንነት ተሰማኝ። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የካሜራ ቅጂ ለመንኩ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሰዓቱን አጠበብኩ፣ ምስሉን አጠራሁ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር ልክ የእሷን ዓይነት ቀለም ያለው ሲሊንደር ሲጭን አገኘሁ። ታርጋው ሳይቀር ይነበባል። ፎቶውን የከተማው ልጆች በሚሰባሰቡበት ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩና ‹‹ይህን ሌባ የምታውቁት አሳውቁን›› ብዬ ጻፍኩ። ሳይመሽ አንዱ ስልክ ቁጥሩን ላከ፤ ሌላው እናቱ የት ሰፈር እንደሚኖሩ። የስድቡን ብዛት አልናገርም። በማግስቱ የባጃጁ ባለንብረት ቁልፉን ተቀበለው።

ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ስልኬን ይዤ ገባሁ። ሁሌም አራት አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ አንዷ ትቆላለች፣ አንዷ ጥጥ ትፈትላለች፣ ሁለቱ ኪሮሻቸውን ይዘው ዳንቴል ይሠራሉ። አማርኛውና ኦሮምኛው እየተቀላቀለ ነው የሚወራው። ፎቶውን በኩራት አሳየሁ። ትልቋ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ በመነጽራቸው ሥር አየት አደረጉና ወደ ክራቸው ተመለሱ።

‹‹ልብሱስ?›› አሉኝ።

‹‹የምን ልብስ እትዬ?››

‹‹የሲሊንደሩ ልብስ ነዋ! እኔ ነኝ የሠራሁላት። ይሄ ያንተ ሲሊንደር ራቁቱን ነው።››

‹‹አውልቆ ጥሎት ይሆናላ።››

‹‹የት? መንገድ ላይ ቢጥለው እስካሁን አንዷ አንስታ ታጥበው ነበር። ደግሞ ለመስረቅ የቸኮለ ሰው ቆሞ ልብስ ያወልቃል?››

መልስ አልነበረኝም። ምስሉን ሃምሳ ጊዜ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ያለውን ነው፤ የጎደለውን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ የጀመሩት እነሱ ናቸው። ያቺ ሰዓት ምሳ ማድረሻዋ እንደሆነች የሚያውቀው ማን ነው? የግቢው የቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰፈር የሚሰማው ድምፅ አለው፤ በሩ አጠገብ ስትፈትል የዋለችው ግን የማታውቀው ሰው ሲወጣ አላየችም። እንግዲያው የወሰደው ቢወጣ ቢገባ ዞር ብላ የማታየው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ አንዷም ጣቷን አላቆመችም። ማንም ስም አልጠራም።

ከቀናት በኋላ አንዷ አራስ ልትጠይቅ የሄደችበት ቤት ውስጥ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያንን ዳንቴል አየችው። እትዬ መሃሉ ላይ ያለውን አበባ ሲሠሩ ተሳስተው ነበርና ከስምንት ቅጠሉ አንዱ ይጎድላል፤ ሰባት ነው። ቆጠረች። ገንፎዋን በላች፣ ልጁን መርቃ ወጣች። ዳንቴሉ ከማን እንደተገዛ የተጠየቀው በሌላ ቀን፣ በሌላ ወሬ መሃል ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሲሊንደሩ ሌሊት መጥቶ የግቢው በር ላይ ተቀምጦ አደረ።

ማን እንደወሰደው እነሱ ያውቃሉ። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስጠይቃቸው እትዬ ‹‹አውቀህ ምን ልታደርግበት ነው?›› አሉኝ። የባጃጁ ልጅ የጫነው የገዛ እናቱን ሲሊንደር ነበር፤ ሊያስሞላላቸው።

*

‹‹ታዲያ ምን ይጠበስ? አንዴ ተሳሳትክ፣ አለቀ›› የሚለኝ አይጠፋም። አላለቀም። የተሳሳትኩት ባለመጠንቀቄ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ሰው እንዲያሳስት ሆኖ የተሠራ ነው። መንገዱም አዲስ አይደለም።

አያቶቻችን ሌባ የሚፈልጉባቸው ሁለት የታወቁ ዘዴዎች ነበሯቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡን በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፣ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ለምን እዚያ ገባ? ተብሎ አይጠየቅም። ልጁ አያውቅም፤ ገመዱን የያዘው ‹‹እኔ ተከተልኩ እንጂ አልመራሁም›› ይላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አድራጊው እስኪታወቅ የሚበተን የለም። ካልታወቀ ካሳውን ሁሉም ያዋጣል። አውጫጭኝን አላቆነጀውም። ሥራ ያስፈታ ነበር፤ ቂም ላለበት ሰው ጠላቱን ማጥመጃም ይሆን ነበር። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ጠቋሚውም ተጠቋሚውም እዚያው ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ለስህተቱም ሁሉም ይከፍላል።

እኛ አውጫጭኝን ሳይሆን ሌባ ሻይን ነው በስልክ የመለስነው። ስክሪንሾቱ የሰከረው ልጅ ነው። ሼር የሚያደርገው ሁሉ ገመድ ያዥ ነው፤ ሁሉም ‹‹እኔ አስተላለፍኩ እንጂ አልከሰስኩም›› ይላል። ያ ልጅ የወደቀበት ደጃፍ ላይ የሚኖረው ሰው ግን የእውነት ሰው ነው።

በሙያዬ ይህን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ጊት ብሌም የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አንድን የኮድ መስመር መጨረሻ ላይ የነካው ማን እንደሆነ ይነግርሃል። ጀማሪ ፕሮግራመር ስም ሲያይ ‹‹ያዝኩት!›› ይላል። የቆየ ሰው ግን ይስቃል፤ ያ ሰው ምናልባት ባዶ ቦታ አስተካክሎ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የነካው ሁሉ ያበላሸው አይደለም። መጀመሪያ ስህተቱን ራስህ ደግመህ አስነሣው፣ ከዚያ ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል ብለህ ጠይቅ፣ ከዚያ ተናገር። ቢሮ ውስጥ ለአንድ መስመር ኮድ የማደርገውን ጥንቃቄ ለአንድ ባጃጅ ሹፌር ነፈግኩት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ እስኪረጋገጥ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። የእኔ ልጥፍ ‹‹ሌባ›› ለማለት ሦስት ሰዓት አልፈጀበትም።

*

ፈረንጆቹ እንዲህ ያሉትን እናቶች የሚያከብር አንድ ሙሉ የልብ ወለድ ዘርፍ አላቸው፤ ኮዚ ሚስትሪ ይሉታል። ትንሽ ከተማ፣ ሹራብ የምትሠራ ወይም ኬክ የምትጋግር ሴት፣ ፖሊስ ያላየውን የምታይ። የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል እ.ኤ.አ. በ1930 በመጀመሪያ ልብ ወለዷ ስትመጣ ሹራቧንና የመንደሯን ሰው ጠባይ ይዛ ነው የመጣችው። ከ1984 እስከ 1996 በቴሌቪዥን የታየችው ጄሲካ ፍሌቸር ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 ነገሩን ወደ ቦትስዋና አምጥቶ ለጋቦሮኔዋ እማማ ራሞትስዌ ቢሮ ከፈተላት፤ ሻይዋን እየጠጣች የሰውን ችግር ትፈታለች።

ጓደኞቼ ይህን ‹‹የአሮጊት ንባብ›› ይሉታል። እኛ ዘንድ መርማሪ ሲባል ሌላ ሰው ነው የሚታየን። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ከታላላቆቻችን ወርሰን አንብበናል፤ ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፎልናል። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን ኪሮሽ የያዘች መርማሪ የት አለች? የሰባት ቅጠሏን አበባ የቆጠረችዋ ሴት ለምን ‹‹ወሬኛ›› ብቻ ትባላለች? ያው ሥራ ኮት ለብሶ ሲሠራ ምርመራ፣ ነጠላ ለብሶ ሲሠራ ሐሜት?

ንቀቱ ሥራቸው ምን ላይ እንደቆመ ካለማየት ይመጣል። አዳማ በባቡር ሐዲድና በመኪና መንገድ ላይ ያደገች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሰፈረባት ከተማ ናት። ሞጆም፣ መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም መንገድ ላይ ያሉ፣ ወጪ ወራጅ የማያጡ ከተሞች ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ የማይተዋወቀውን ሰው የሚያስተዋውቀው ቡናው፣ እድሩ፣ ዕቁቡ፣ የአራስ ጥየቃው ነው። እነዚያ ሴቶች ማን መቼ እንደሚወጣ የሚያውቁት ሰላይ ስለሆኑ አይደለም፤ ማን ታሞ እንደቀረ ማወቅ ስላለባቸው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ካልመጣሁ ይህ ጽሑፍ የእናቶች ቀን ካርድ ይሆናል። ያ ቡና ሰውም ያጠፋል። እገሌ ቡዳ ነው የሚባለው፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ስም የሚነሣው እዚያው ረከቦት ዙሪያ ነው። አውቃለሁ። ልዩነቱ እነሱ ቅዱሳን እኛ ርኩሳን መሆናችን አይደለም። ልዩነቱ ነገ ነው። እትዬ ያለ ማስረጃ ስም ቢጠሩ ነገ ያንን ሰው በእድር ድንኳን ያገኙታል፤ ልጁን ክርስትና አንስተው ይሆናል። እኔ የለጠፍኩበት ሰው ግን ለእኔ ታርጋ ብቻ ነበር። የቡናውም ሐሜት የሚከፋው ልክ እንደኔው ሲሆን፣ የሚወራበት ሰው ከቡናው ዙሪያ ሲጎድል ነው፦ አዲስ ተከራይ፣ ቤት ሠራተኛ፣ መጤ። ማን እንደተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተጠራም መጠየቅ አለብን።

ሌላም ድንበር አለ። ሲሊንደር በዝምታ ይመለሳል፤ ደም አይመለስም። የተደፈረችን ልጅ ነገር በሽምግልና አድበስብሶ ማስታረቅ ጥበብ አይደለም፣ ሁለተኛ በደል ነው። እንዲህ ያለው ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ከፈረንጆቹ ዘርፍ የምለይበትም እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ሬሳን እንደ እንቆቅልሽ አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የእኛው ቢጻፍ ሬሳ አያስፈልገውም። የጠፋ የዕቁብ ብር ይበቃዋል፤ ምሳ አብስላ የምታድር ሴት ሲሊንደር ከበቂ በላይ ነው። አዳማ ላይ፣ በዚያ አቧራና ነፋስ መሃል፣ በሁለት ቋንቋ የሚወራበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፍ ካለ እኔ ገዢ ነኝ።

*

የባጃጁን ልጅ ይቅርታ ልጠይቅ ብቻዬን ልሄድ ነበር። እትዬ ‹‹ለከተማ ተናግረህ በጓዳ ይቅርታ የለም›› ብለው ሁለት ሽማግሌ አስይዘው ላኩኝ። ያልሠራበትን ቀን ከፈልኩ። ብሩን ተቀበለና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ‹‹ሌባ ያልከኝን ያነበቡት ሁሉ ይህንንም ያንብቡ።››

ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ያነበበው ሰው ቁጥር እና ይቅርታውን ያነበበው አይገናኙም። ያ ፎቶ እኔ ከሰረዝኩት በኋላ እንኳ ‹‹ከሌባ ተጠንቀቁ›› ተብሎ ከሌላ ቦታ ተመልሶ ደርሶኛል። እኔ የሠራሁት ዳንቴል ቢሆን ኖሮ ተርትሬ እንደገና እጀምረው ነበር። ይሄኛው አይተረተርም።

ስለዚህ የሰው ፊት ይዛችሁ ጣታችሁ ‹‹ላክ›› የሚለው ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ቃል ነገ ጠዋት፣ እናቱ ባሉበት፣ ቡና እየተጠጣ እደግመዋለሁ? የማትደግሙት ከሆነ አትላኩት። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ወደ ሰፈር ውጡ። ቡና የፈላበት ቤት አይጠፋም፤ አንዷ እናት እናንተ ያላያችሁትን አይታ ይሆናል።