ውኃው የት ይሄዳል?

በዚህ ሳምንት ያበሳጨኝ አንድ ገጽ በጀት ነው። ናይሮቢ ጊጊሪ ሰፈር የምትኖር ወዳጄ እናቷን ከደሴ ልታስመጣ ነው። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሌሊት ተነስተው ረጅሙን ኮሪደር አቋርጠው መጸዳጃ ቤት መሄድ አይሆንላቸውም። ስለዚህ የሚያርፉበት መኝታ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ቤት ይሠራለታል። ሐሳቡ የተባረከ ነው። የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መደብር ሻጭ ያዘጋጀላትን የበጀት ወረቀት ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ከውጭ የመጣ ሴራሚክ፣ በመስታወት የተከለለ ሻወር፣ ባለመብራት መስታወት፣ ወርቃማ ሚክሰር፤ ሁሉም በብዛትና በዋጋ ተዘርዝሯል። ከታች በአንድ መስመር «የቧንቧ ሥራ» ይላል። የተያዘለት ገንዘብ ከሚክሰሩ ዋጋ ያንሳል።

ሥራውን እንዲያይ የተጠራው ፉንዲ፣ ናይሮቢ ባለሙያን የሚጠራው እንዲያ ነው፣ ወረቀቱን አላነበበም። ክፍሉ ጥግ ተንበርክኮ ወለሉን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገና «ማጂ ኢታኤንዳ ዋፒ?» አለ። ውኃው የት ይሄዳል ማለቱ ነው። ከቤቱ ሰው መልስ የነበረው አልተገኘም። ለእኔ የዚያ ሰውዬ ጥያቄ ከሻጩ ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

እስቲ አብረን እናስላ። የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚወስደው ቧንቧ ባለ 110 ሚሊሜትር ነው። ውኃ ሽቅብ አይሄድምና ቧንቧው በየሜትሩ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ መውረድ አለበት። የተመረጠው ክፍል ከነባሩ ፍሳሽ አሥር ሜትር ያህል ይርቃል። ሃያ ሳንቲሜትር ዝቅታ ከየት ይመጣል? ወይ ኮንክሪቱ ይቆፈራል፣ ወይ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ካለ ደግሞ በሩ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ተብሎ በሚሠራ ቤት በር ላይ ደረጃ! ከነባሩ መታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሌላ መኝታ ክፍል እዚያው ነበር። ክፍሉን መለዋወጥ ብቻ በሴራሚክ ዋጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ከመከራከር የበለጠ ያተርፋል።

የቀረውም የሚታይ አይደለም። ከሴራሚኩ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን መቀባት አለበት፤ ሽፋኑ ግድግዳውንም ይዞ ይወጣል። ከዚያ ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውኃ ሞልቶ 24 ሰዓት ይተዋል። ውኃው ካልጎደለ ብቻ ነው ሴራሚክ የሚነጠፈው። በዚህ ከተማ ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የራሱ ሽቦና አስተማማኝ የመሬት መስመር ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሰው ይገድላል። ናይሮቢ አብዛኛውን ውኃዋን የምታገኘው ሙራንጋ ካለው የንዳካይኒ ግድብ ነው፤ ለየሰፈሩም የምታዳርሰው በፈረቃ ነው። ስለዚህ የሮቶ ዋጋም በጀቱ ውስጥ ይገባል። በዕቃው ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ምን እንደሚወጣ አይታወቅምና ከመቶ አሥራ አምስቱን ለመጠባበቂያ ያላስቀመጠ ሰው ሥራው መሀል ላይ ይቆምበታል።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎቼ የውኃ መከላከያ ሽፋኑን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የላይኛው ፎቅ ሻወር የታችኛውን ጣሪያ አርሶ ስንቱ ጎረቤት ተኳርፏል! «ቤት የሚሸጠው በሚታየው ነው» የሚሉ ደላሎች አሉ። ይሽጡት። እማማ ግን ቤቱን ሊገዙ አይመጡም፤ ሊታጠቡ ነው የሚመጡት። ለሳቸው የሚያስፈልገው የማያንሸራትት ወለል፣ ግድግዳው ላይ ጠብቆ የታሰረ የእጅ መያዣና ሰፊ በር ነው። እነዚህ ሦስቱ በሻጩ ወረቀት ላይ የሉም።

ፉንዲው ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን የተገኘው የቤት ሠራተኛዋ ክፍል በር ሥር ነው።  በሯ ክፍት ነበር። መጸዳጃውና ሻወሩ አንድ ላይ ናቸው፤ ስትታጠብ መቀመጫው ይረጥባል። መስኮት የለም። ማሞቂያ የለም። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐምሌ ጠዋቷ አጥንት ድረስ ይገባል። ያቺ ልጅ ከሁሉም ቀድማ የምትነሳው በዚያ ብርድ ነው። እማማን ደግፋ የምታጥበውም እሷ ናት።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ውኃና ንጽሕና የሰው ልጅ መብት መሆናቸውን ያወጀው እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2010 ነው። ኬንያ በወሩ ያጸደቀችው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ተገቢ የንጽሕና አገልግሎት ማግኘትን የእያንዳንዱ ሰው መብት አድርጎታል። ስለ መጠለያ የሚሠራው ዩኤን-ሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጊጊሪ ነው። መብቱ የተጻፈው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ከጓሮ ያለውን ክፍል የሚያስቀር ሐረግ የለውም። «ከመጣችበት ገጠር ይሻላታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ንግግር መልስ አልሰጥም፤ የተናገረው ሰው በሐምሌ አንድ ጠዋት እዚያ ይታጠብ።

ለወዳጄ የነገርኳት ይህን ነው። ባለሙያው ግቢ ገብቷል፤ ጓሮው መቆፈሩ አይቀርም። የመስታወቱን ግድግዳ ሰርዘሽ በመጋረጃ ተኪው፤ በሚተርፈው ለጓሮው ሻወር ማሞቂያ፣ ከፍ ያለ መስኮትና ከወለሉ ጋር የሚሄድ አዲስ ፍሳሽ ይሠራል። ሌላ ጊዜ ለብቻው ይሠራ ቢባል ዋጋው እጥፍ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አይመጣም። ክፍሉን ለመለወጥ ወዲያው ተስማማች፤ ስለ ማሞቂያው ከባለቤቷ ጋር ትመክራለች። እኔም እስኪገጠም ድረስ እጠይቃታለሁ።

ከእናንተም መካከል ዘንድሮ መታጠቢያ ቤት የምትጨምሩ ትኖራላችሁ። ሴራሚክ መረጣ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ሰርቪስ ቤታችሁ ሂዱና ሻወሩን ከፍታችሁ እጃችሁን ከሥሩ አድርጉ። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ የበጀታችሁ የመጀመሪያ መስመር እሱ ይሁን።