ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፦ የአንድ ሰዓት በረራ፣ የአንድ ቀን ጎዳና

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ምን ያህል ትርቃለች? መልሱ እንደ ተጓዡ ይለያያል። የሁለቱ ከተሞች የአየር ርቀት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚያልፈው ዋና መንገድ ግን 565 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአውሮፕላን የሄደ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ገደማ ቦሌ ሲያርፍ፣ በአውቶቡስ የተሳፈረው ቀኑን በጉዞ ይውላል።

ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አውሮፕላኑ የጮቄን ተራራና የዓባይን ሸለቆ ከላይ ሲያቋርጥ፣ መኪናው ተራራውን ዞሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ጭነት መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተገንብቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገርን አስተማማኝ አድርጎታል፤ ዳገቱን ግን አላስቀረም።

በረራውም ቢሆን ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄጃው፣ ፍተሻው፣ የመሳፈሪያው ጥበቃና የአዲስ አበባ የመኪና መጨናነቅ ሲደመሩ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህም ቢሆን ቲኬት የመግዛት አቅም ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን ግን በአውሮፕላን አይሄዱም።

በሜጫ አካባቢ 7,000 ሄክታር ለማልማት በተገነባው የቆጋ መስኖ ለሚያመርት አርሶ አደር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። የተለቀመ ቲማቲም መተንፈሱን አያቆምም፤ በሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ውኃው ይቀንሳል፣ ይበሰብሳል። በአንድ ቀን የሚደርስ ጭነት በመንገድ መዘጋት፣ በናዳ ወይም በጸጥታ ችግር ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ ኪሳራው ይጨምራል። በዚህ መስመር ተጓዦች የታገቱባቸው ጊዜያት መኖራቸውም የሾፌሮችን ስጋት አብዝቷል።

ነጋዴው ይህን ስጋት አስቀድሞ ያሰላል። ሊበላሽ የሚችለውን ምርትና መኪናው ቆሞ የሚውልበትን ወጪ ቀንሶ ለአርሶ አደሩ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል፤ የተረፈውን ምርት ደግሞ በከተማ አስወድዶ ይሸጣል። ስለዚህ የመንገዱን መዘግየት የሚከፍሉት በአንድ ጫፍ አምራቹ፣ በሌላው ጫፍ ሸማቹ ናቸው።

አርሶ አደሩ በእጁ ያለውን ማድረግ ይችላል። ሩቅ የሚሄድ ቲማቲም ሙሉ በሙሉ ሳይቀላ፣ ገና መቅላት ሲጀምር፣ በማለዳ ቅዝቃዜ ቢለቀም፣ በጥላ ሥር ቢቆይና አየር በሚያስገባ ሣጥን ቢጫን ዕድሜው ይረዝማል። የምርት ማቆያ መጋዘን፣ የመንገድ ጥገናና ከሁሉም በላይ የጉዞው ደኅንነት ግን ከአንድ አርሶ አደር አቅም በላይ ናቸው።

የበረራ ቁጥር መጨመር ሁለቱን ከተሞች ለጥቂቶች ያቀራርባል። ለብዙኃኑ የሚቀራረቡት ግን ማለዳ ከመራዊ የተነሳ ጭነት መኪና መቼ እንደሚደርስ በእርግጠኝነት መናገር ሲቻል ነው።