ከሰልና አልማዝ



በቤታችን ከምንገለገልባቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ከሰል የተናቀ የለም። እጅ ያጠቍራል፤ ልብስ ያሳድፋል፤ ማዕርጉም ከማድ ቤት አያልፍም። አልማዝ ግን በዘውድና በቀለበት ላይ የሚቀመጥ የከበረ ድንጋይ ነው። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ባሕርይ ልጆች ናቸው ቢባል ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ስሚትሰን ቴናንት የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1797 ዓመተ ምሕረት አልማዝ አቃጥሎ የወጣውን ጋዝ ቢመረምር፤ በክብደት ትክክል የሆነ ከሰል ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር በዓይነትም በልክም አንድ ሆኖ አገኘው። አልማዝ ማቃጠል ለሊቅ ትምህርት ነው፤ ለእመቤት ግን የሚያስለቅስ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር ናቸው፤ ከሰሉ ጥቂት አመድና ሌላም ነገር ይቀላቀልበታል እንጂ።

ታዲያ አንዱን ጥቍርና ተሰባሪ፤ ሁለተኛውን ብሩህና ብርቱ ያደረገው ምንድር ነው? የቅንጣቶቹ አተሳሰር ነው። አቶም የሚባሉት ደቃቃን ቅንጣቶች የሚያያዙት በሙጫ ወይም በገመድ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ባላገር ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በመቀናጆ እንደሚያርስ፤ ሁለት አቶሞችም በየበኩላቸው አንዳንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዙታል። ጥንዱ የሁለቱም ገንዘብ ስለ ሆነ ያለ ብርቱ ኀይል አይለያዩም። የካርቦን አቶም ለእንዲህ ያለው መቀናጆ የሚያዋጣቸው ኤሌክትሮኖች አራት ናቸው።

በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ወደ ላይም ወደ ጎንም ከአራት ጎረቤቶች ጋር ጸንቶ ስለ ተያያዘ፤ ጥንካሬው ከሌሎች የተፈጥሮ ማዕድኖች ይበልጣል። ግራፋይት በሚባለው ካርቦን ግን እያንዳንዱ አቶም ከሦስት ጋር ብቻ እንደ ሰሌን ተነጥፎ ይያያዛል፤ ንጣፎቹም በላይ በላዩ ሲደራረቡ የሚያይዛቸው ኀይል ደካማ ስለ ሆነ በቀላሉ ይንሸራተታሉ። እኛ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች አንድ መስመር በእርሳስ በጻፍን ቍጥር ይህ ንጣፍ እየተላጠ በወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ ጥይት የሚሠራበት እርሳስ በውስጡ የለም፤ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ከሰልም እንደ ግራፋይት ያለ፤ ነገር ግን የተዘበራረቀ ንጣፍ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ለዕውቀት ነው። የሚከተለው ግን ለሕይወት ስለ ሆነ አስተውላችሁ እንድታነቡት እንለምናለን።

ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ አንዱ ካርቦን ከሁለት ኦክሲጂን ጋር ተያይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ከአፋችን ከምናወጣው ትንፋሽ ጋር የሚወጣው ጋዝ ነው። አየሩ ሲያጥር ግን ብዙው ካርቦን ከአንድ ኦክሲጂን ጋር ብቻ ይያያዛል። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ነፍሰ ገዳይም ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጂን የሚሸከመውን ብረት ያዘለ ነገር ሲያገኝ፤ ከኦክሲጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ብርታት ይጣበቅበታል። ደም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ ኦክሲጂን እንደሚጎድለው ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ቤርናር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አስረድቷል። በቅሎዎቹ ተጭነው ይመጣሉ፤ ጭነታቸው ግን ስንቅ አይደለም።

በደጋ አገር በክረምት ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት፤ ይልቁንም ወደ አራስ ቤት አስገብቶ መስኮትና በር መዝጋት የቈየ ልማድ ነው። ብዙ ሰዎችም ጭሱ አልቆ ከሰሉ ፍም ከሆነ ጕዳት የለውም ይላሉ። ይህ አሳሳች አሳብ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ሰውን ያስነሣው ነበር፤ ጭስ የሌለው ፍም ግን አያስነሣም። አመድ የለበሰ ፍምም እስኪጠፋ ድረስ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፤ ማዞር፤ ማቅለሽለሽና የጕልበት መዛል ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው የምግብ ነገር ነው ብሎ ከመመርመር በፊት ምድጃውን መመልከት ይገባል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል፤ ሕፃናትና በማሕፀን ያለ ፅንስም ከሌላው ይልቅ ይጐዳሉ።

ከሰል ያፈነውን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ውጭ አየር ማውጣት፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። የጋዙና የደሙ ማሰሪያ እንደ አልማዙ የማይፈታ አይደለም፤ ግን ቀስ ብሎ ይላላል። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው እኩሌታው እስኪወጣ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሐኪሞች ንጹሕ ኦክሲጂን ሲያስተነፍሱት ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ምድጃው ሰው ከመተኛቱ በፊት ከክፍሉ ይውጣ፤ መስኮት በጥቂቱ ገርበብ ማድረግ ብቻውን አያስተማምንም። ይህን ለሞግዚቲቱ መንገር ብቻ አይበቃም። በደጃፉ ባለችው ጠባብ ጎጆ፤ በሩን ከነፋስ ዘግቶ ፍሙን ከእግሩ ሥር አድርጎ የሚያድረውም ዘበኛ አለና፤ ለእርሱም ወፍራም ካፖርትና ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይሰጠው።