በፎቶግራፉ ጀርባ

እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ፥ ቡናው ተቈልቶ እስኪፈላና እመቤቲቱ ከጓዳ እስክትመለስ ድረስ ብቻውን ተቀምጦ እንዳይሰለቸው፥ ከቡፌው መሳቢያ ወፍራሙ አልበም ወጥቶ በጭኑ ላይ ይቀመጥለታል። ይህ የከተማ ወግ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። እንግዳውም ቅጠሉን እየገለጠ፥ በአንደኛው ገጽ ሙሽሮቹን፥ በሌላው የክርስትናውን ቀን፥ ዝቅ ብሎም ካባ ለብሶ ዲግሪውን የተቀበለውን የበኵር ልጅ ካየ በኋላ፥ ወደ መጨረሻው ግድም ዳርዳሩ በጥርስ በጥርስ የተቈረጠ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያገኝና፥ ጣቱን በአንዱ መልክ ላይ አኑሮ «እኚህስ ማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የቤቱ ልጅ አንገቱን አስግጎ ተመልክቶ «እኚህ እንኳ የአባዬ ዘመድ ይመስሉኛል፤ እማዬ ታውቃቸዋለች» ይላል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናገርበት የወደድሁት ነገር ከዚህች አጭር መልስ የሚነሣ ነው። እናቲቱ ታውቃለች፤ ነገር ግን እናቲቱም እንደ ሰው ሁሉ ኀላፊ ናት፤ እርሷ ባረፈች ማግስት ያ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የቆመው ሰው አጎት ይሁን የአጎት አሽከር፥ የጋብቻ ዘመድ ይሁን የሰፈር ነጋዴ፥ የሚናገርለት አይገኝም፤ መልኩ ሳይደበዝዝ ማንነቱ ይጠፋል። የምንወዳቸውን ለማክበር የምናዘጋጀው የመታሰቢያ ደብተር፥ አልበም ይባል መዝገብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሥዕልን ከስም፥ ስምን ከታሪክ ጋር ማሰር ይገባዋል ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን ፎቶግራፍ ባያውቁም ይህን ማሰሪያ ግን አሳምረው ያውቁ ነበር። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ የብራና ዳዊት ያለው ሰው፥ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ባዶ ቅጠል፥ አንዳንዴም በኅዳጉ፥ የመጽሐፉ ባለቤት ስም፥ የተገዛበት ዋጋ፥ ልጅ የተወለደበት ወይም ወላጅ ያረፈበት ቀን ከነስመ ጥምቀቱ ተጽፎ ያገኝ ይሆናል፤ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው የሚለምን ቃልም ከግርጌው አይታጣም። ገዳማትም የጉልትን ስጦታና የአበውን ታሪክ ከማይጠፋ ስፍራ እናኑረው ሲሉ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ያሰፍሩት ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት አራቱ ወንጌል የራሳቸውን የአባታችንን ሥዕል ይዞ፥ ስለ ገዳሙ የተጻፉ ማስታወሻዎችንም ጨምሮ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በጣና፥ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። እንዲህ ባሉት ሥዕሎች ሠዓሊው የተማኅፃኙን ስም ከአጠገቡ መጻፍ የሚወደው ለከንቱ ውዳሴ አይደለም፤ በጸሎት የሚታሰብ ሰው በስሙ ይጠራ ዘንድ ግድ ስለ ሆነ ነው። ካህኑስ የሟቹን ስመ ክርስትና ሳይጠይቅ ፍትሐቱን መቼ ይጀምራል?

ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ነው ማሰሪያው የላላው። ጥበቡ በቤተ መንግሥት ደጅ ጀምሮ ወደ ሕዝቡ ቤት የወረደው በዝግታ ነበር፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተከታትለው ለነገሥታቱ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። ወደ ኋላ ግን ፎቶ ቤቱ በየከተማው ተከፈተና፥ ባል በወንበር ተቀምጦ፥ ሚስት እጇን በትከሻው ላይ አሳርፋ፥ ከኋላቸው በጨርቅ ላይ የተሣለ የአበባ ቦታ ተዘርግቶ፥ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው የሚነሡት ያ የታወቀው ፎቶግራፍ በየሳሎኑ ግድግዳ ተሰቀለ። ገንዘቡ የሚከብድ፥ ቀኑም የሚናፈቅ ነበርና ማንም ሳይታጠብና ሳይለብስ አይነሣም ነበር፤ በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ሳቅ የሚጠፋው ሰዎቹ ደስታ ስላልነበራቸው እንዳይመስለን።

በዚያ ዘመን አንድ የተመሰገነ ልማድ ነበረ። ሰው ፎቶግራፉን ለወዳጁ ሲሰጥ ወይም በፖስታ ሲልክ፥ ጀርባውን ገልብጦ በመልካም የእጅ ጽሕፈት «ለማስታወሻ» ብሎ ይጀምርና፥ የተቀባዩን ስም ከነማዕርጉ፥ ፎቶግራፉ የተነሣበትን አገርና ዕለት፥ በመጨረሻም ስሙንና ፊርማውን ያኖር ነበር። አሮጌ አልበም በተዘረጋልኝ ጊዜ ሁሉ፥ ባለቤቶቹ ፈቅደውልኝ ጀርባውን የማየት ዕድል ካገኘሁ፥ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ያስደስተኛል። እዚያ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ታዝቤአለሁ፤ ይኸውም ለሌላ ሰው የተሰጠው ፎቶግራፍ ስም ሲኖረው፥ በገዛ ቤት የቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የሌለው መሆኑ ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በቤት ያለውን ሁሉም ያውቀዋልና ማን ብሎ ይጽፍበታል? እንዲህ ሆኖ ባዕድ ያልሆኑት ባዕድ ሆነው ይቀራሉ። የአባቴን የትምህርት ቤት ጓደኛ፥ በሐረር ተነሥቶ የላከለትን ወጣት፥ ከነአባቱ ስም አውቀዋለሁ፤ በዚያው ገጽ ከአያቴ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችውን ሴት ግን ከቤተሰባችን ውስጥ የሚያውቃት የለም።

ይህን ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ ነው። አባቱ በመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ካለፉ፥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ካረፉ በኋላ፥ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ እንግሊዝ አገር ደረሰ፤ በዚያም ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። ያ ፊት የኀዘንን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይናገራል። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ ካሜሮን ከሥዕሉ በታች የልጁን ስም ከነማዕርጉ፥ የማን ልጅ መሆኑንም ጭምር በጽሑፍ አስፍራለታለች። በባዕድ አገር፥ በባዕድ ሴት እጅ፥ ወላጅ አልባው የንጉሥ ልጅ ስሙ ተጻፈለት፤ በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ቢቀበርም እስከ ዛሬ ማን እንደ ነበረ የሚያጠያይቅ የለም። የገዛ አገራቸውን አፈር ሳይለቁ፥ በልጅ በልጅ ልጅ ተከበው ያረፉት አያቶቻችን ግን በአልበማችን ውስጥ ስም የለሽ ናቸው። የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉርም እንደዚሁ ነው፤ ከመቅደላ የተወሰደው ጕንጕን በለንደን የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ሲቀመጥ ቈይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሱን ሁላችንም ሰምተናል። የማን እንደ ሆነ ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ ማን ያስመልሰው ነበር? ጸጉር ጸጉር ነው።

ስም መጻፍ የሚያስፈራበት ዘመንም እንደ ነበረ አልዘነጋም። በቀይ ሽብር ጊዜ ፍተሻው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፥ እናቶች የልጆቻቸውን መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ደብዳቤና ፎቶግራፍም በምድጃ አቃጥለዋል፤ ከአንድ ጓደኛ ጋር ተቃቅፎ መታየት ብቻውን ሁለቱን ቤት ያስጠፋ ነበርና። ከፊሉን የቀደዱ፥ የአንዱን መልክ በመቀስ ቈርጠው ያወጡ፥ በጀርባው ያለውን ጽሑፍ የፋቁ አሉ። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጐበኘ ሰው፥ ግድግዳውን ከሞሉት መልኮች ብዙዎቹ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሡ ጉርድ ፎቶግራፎች እንደሚመስሉ ያስተውላል። ስለዚህ በቤተሰብ አልበም ውስጥ መልኩ የተቈረጠ፥ ገሚሱ የተቀደደ ፎቶግራፍ ያገኘ ሰው፥ ተበላሽቷል ብሎ አይጣለው፤ ማን ቈረጠው፥ ለምን ቈረጠው ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከአጠገቡ ይጻፍ። በፍቺ ምክንያት የተቈረጠ እንደ ሆነም ያው ነው፤ የመታሰቢያ ደብተር የቤተሰቡን ክብር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፥ በለቅሶ ቤት ከሚነበበው የሕይወት ታሪክ በምን ይለያል? እዚያስ ሟች ሁሉ ደግ፥ ሟች ሁሉ ሰው ወዳድ ነው።

ከፎቶግራፍ ሌላ ምን ይግባበት ቢሉ፥ እኔ ለትንንሹ ወረቀት አደላለሁ። የክርስትና ምስክር ወረቀት፥ የአራተኛ ክፍል የትምህርት ውጤት ካርድ መምህሩ በቀይ ቀለም ከጻፉት ተግሣጽ ጋር፥ የእድር መዋጮ ደረሰኝ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ከነቴምብሩ፥ እናት ለገበያ የጻፈችው የበርበሬና የቅመም ዝርዝር፤ እነዚህ ሰውየው በሥራ ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር ይመሰክራሉ፤ ፎቶግራፉ የሚመሰክረው የበዓሉን ቀን ነውና። ወረቀት ለጥፎ ደብተር መሙላት በሌላውም ዓለም የቈየ ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን እንኳ ሙጫ አስቀድሞ የተቀባበት፥ ውሃ ሲነካው የሚለጠፍ ደብተር አውጥቶ በ1873 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። አሁን አሁን ግን ደብተሩን በሪባን፥ በሚያብለጨልጭ ወረቀትና በአርቲፊሻል አበባ መሸፈን እየተወደደ መጥቷል። ጌጥን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የሦስት ቀን ድካም የፈጀውን አበባ ገልጬ ከሥሩ የባለ ፎቶግራፉን ስም ሳጣ ቅር ይለኛል።

ስለ ሙጫው ካነሣሁ፥ ለመልካም ሥራ የተነሣ ሰው እንዳይጐዳ ጥቂት ልናገር። ጋዜጣ የሚታተመው ርካሽ ከሆነ የእንጨት ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ወረቀቱን አወይቦ አያበቃም፥ አጠገቡ ያለውንም ፎቶግራፍ ያበላሻል፤ ስለዚህ ከጋዜጣ የተቈረጠ የኀዘን መግለጫ ለብቻው ይቀመጥ፥ ቅጂውም በደኅና ወረቀት ይገልበጥ። ከዱቄት የተፈላ ሙጫ በረሮንና ነፍሳትን ይጠራል። ገጹ ራሱ የሚያጣብቅ፥ በላስቲክ የሚሸፈነው አልበም ደግሞ፥ ሲገዛ ምቹ መስሎ፥ ዓመታት ሲያልፉ ፎቶግራፉን ነክሶ አልለቅ ይላል። የሚሻለው አራቱን ማዕዘን ብቻ ይዛ የምታስቀምጠው ትንሿ የወረቀት ኪስ ናት፤ ፎቶግራፉ ሳይጐዳ ይወጣል፥ ጀርባውም ይነበባል። ስም ሲጻፍ በለስላሳ እርሳስ፥ ሳይጫኑ፥ በዳሩ በኩል ይጻፍ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ወደ ፊት ይተላለፋል። ከባለ ቀለሙ ይልቅ ጥቁርና ነጩ ዕድሜው ይረዝማል፤ የሠርጋችን ፎቶግራፍ ሲወይብ የአያቶቻችን ጸንቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ስልኩስ? የሚሉኝ ወጣቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከአንዱ እናት የተወለዱት አንዱ በዋሽንግተን፥ አንዷ በዱባይ፥ አንዱ በአዲስ አበባ በሚኖሩበት ዘመን፥ አንድ አልበም ለሦስት አይቈረስምና፥ ገጾቹን አንሥቶ ለሁሉም መላክ የወራሾችን ጠብ ያስቀራል። ይሁን እንጂ ስልክ ውስጥ ያለው ክምችት ምርጫን አስረስቶናል፤ የአንድ ልደት ኬክ ብቻውን ከአያት ዕድሜ ሁሉ የሚበልጥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያን ሁሉ ማን መርጦ፥ ማን ስም ጽፎ ያወርሰዋል? በቅርብ ዓመታት የአዲስ አበባን ቤተሰቦች አሮጌ ፎቶግራፎች ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ያሳተሙትን ሰዎች የማመሰግናቸው፥ ፎቶግራፉን ከባለቤቶቹ ትዝታ ጋር ስላቀረቡልን ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀን ከተፈለገ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ተዝካሩ አለ። በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ዕለት፥ በሌላ ቀን ቢጠሩ የማይመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ከየአገሩ ተሰብስበው በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ፤ ሟቹን በልጅነቱ የሚያውቁት፥ የእናቱን እናት ያዩት፥ የተነሡበትንም ፎቶ ቤት የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ አልበሙንና እርሳሱን ይዞ ከአጠገባቸው ዝቅ ብሎ ይቀመጥና፥ በየተራ እያሳየ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ወዲያው ይጻፍ። ካህናቱ ጸሎቱን ከፈጸሙ በኋላ፥ ጠላው ግን ከመቅረቡ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከቀረበ ወዲያ እትዬ አንድ ስም፥ ጋሼ ሌላ ስም ይናገሩና ያ ባርኔጣውን የያዘው ሰውዬ የሁለት ቤት አጎት ሆኖ ያርፋል። እንዲያ ከሆነም ሁለቱንም ቃል ከነተናጋሪው ስም መጻፍ ነው።