ለእንቅልፍ ምርመራ እንዳላችሁ ሂዱ



በአሜሪካ ከምንኖር አማኞች መካከል ብዙዎች በሌሊት እንጀራቸውን የሚያገኙ ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ፣ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ያድራሉ፣ በሆስፒታል ተረኛ ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዱን ሐኪሙ «አንድ ሌሊት እኛ ዘንድ አድረህ እንቅልፍህ ይመርመር» ሲለው፣ ጭንቀቱን ይዞ ወደ መጋቢው ይመጣል። «ፓስተር፣ የእኔ እንቅልፍ እኮ ሥርዓት የለውም። ሦስት ሌሊት እሠራለሁ፣ አርብ ለጸሎት አድራለሁ፣ እሑድ በማለዳ እነሳለሁ። እንዴት ሆኜ ልቅረብ?»

መልሴ አጭር ነው፤ እንዳላችሁ ሂዱ፣ ነገር ግን እውነቱን ጽፋችሁ ሂዱ።

እንግዳ ሲመጣ ቤታችንን እንጠርጋለን፤ መልካም ልማድ ነው። ሐኪም ግን እንግዳ አይደለም። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ብቻ በጊዜ እየተኙ «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረብ፣ የታመመውን ትቶ ሌላ ሰው ማስመርመር ነው። ሐኪሙ በተለይ «ይህን ያህል ሰዓት ተኝተህ ና» ብሎ ካላዘዘ በቀር፣ ኑሮአችሁ እንደ ወትሮው ይሁን። ያዕቆብ ለላባ ሃያ ዓመት ሲያገለግል ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በውርጭ እንደ ተቸገረና እንቅልፍ ከዓይኑ እንደ ራቀ ፊት ለፊት ተናግሯል (ዘፍጥረት 31፥40)። ሥራው እንቅልፉን እንደ ወሰደበት ለመናገር አላፈረም። እኛስ ለምን እናፍራለን?

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ደብተር ያዙ። መቼ እንደ ተኛችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደ ነቃችሁ፣ መቼ እንደ ተነሳችሁ፣ ቀን ሸለብ ያደረጋችሁበትን ጊዜ፣ የሥራ ሰዓታችሁን፣ ቡና የጠጣችሁበትን ሰዓት በየዕለቱ ጻፉ። በጸሎት ያደራችሁበትንም ሌሊት ጻፉት፤ ለሐኪሙ ያ ሌሊት እንቅልፍ የሌለበት ሌሊት ነው። ሰዓቱን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። እኛ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» የምንለውን እነርሱ ሁለት ሰዓት ይሉታል። በእኛ አቆጣጠር «ስምንት ሰዓት ላይ እተኛለሁ» ያለ ሰው፣ ምሽት ላይ በጊዜ የሚተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የእናትና የአባትን ሕመም መሸከም የልጅ ድርሻ አይደለም።

ቀጥሎ፣ ወደ ምርመራው ክፍል አስቀድማችሁ ደውሉና የሌሊት ሠራተኛ መሆናችሁን ተናገሩ። በአንጎላችን ውስጥ ያለው የሰውነት ሰዓት ከብርሃንና ከጨለማ ጋር የሚሄድ ነው፤ ለወራት ቀን ሲተኛ የከረመ ሰው በአንድ ምሽት አይገለበጥም። አንዳንድ ቦታ በቀን ይመረምራሉ። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ቤቱ የሚያደርገው ቀላል መሣሪያ ይበቃዋል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እንዲወስን ግን እውነቱን ማወቅ አለበት።

በዕለቱ ከቀትር በኋላ ቡናው ይቅር፤ ማታ የሚፈላው ቡና በአቦል ቢቆምም እንቅልፍን ይነካል። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጣችሁ ቀን አትተኙ፤ የሌሊት ሠራተኞች ግን ይህን ጠይቁ። ጸጉራችሁን ታጠቡ፣ ቅባትም ሆነ ቅቤ አታድርጉ፤ ምክንያቱም የአንጎልን ሥራ የሚከታተሉት ትንንሽ ገመዶች በራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሹሩባ የተሠራችሁ እኅቶች አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ ስለሚደረግ የጥፍር ቀለም አስለቅቁ። መድኃኒታችሁን ሐኪሙ ሳያዝዝ አታቋርጡ፤ ዝርዝሩንም ይዛችሁ ሂዱ። ደረትና ሆድ ላይ መቀነት፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ እግር ላይም ገመድ ይደረጋል። ባለሙያው በሌላ ክፍል ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ይከታተላል። በዚያ ሁሉ ገመድ መካከል እንደ ቤታችሁ ባትተኙ አትጨነቁ፤ የተቆራረጠ እንቅልፍም ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን በስብከት መካከል የሚያንቀላፋን ወንድም «መንፈሳዊ ድካም ነው» ብለን ለመፈረጅ እንቸኩላለን። ነገር ግን በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት በሽታ አለ፤ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ትንፋሹ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሰውየው ሳያውቀው ነቃ ብሎ ይተነፍሳል። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች ከባድ ይሉታል። እንዲህ ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ቢውልም አልተኛም። ሚስቱ «ያንኮራፋል» ብላ ትስቃለች፤ እርሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለትንፋሹ ሲታገል ያድራል።

«ታዲያ ጌታ በጌቴሴማኒ ያንቀላፉትን ደቀ መዛሙርት አልገሠጸም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ ገሥጿል፤ በዚያው ቃል ደግሞ የሥጋን ድካም ቆጥሮላቸዋል (ማቴዎስ 26፥41)። በጢሮአዳ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ የወደቀውን አውጤኪስን ግን ማንም ሲገሥጸው አናነብም (ሐዋርያት ሥራ 20)። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው። ተስፋ ቆርጦ ከክትክታው ሥር የተኛውን ኤልያስንም መልአኩ ነካክቶ አበላው እንጂ አልወቀሰውም፤ እንደገናም ተኛ (1ኛ ነገሥት 19)። ስንፍናና ሕመም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው፤ ሳይመረመሩ መፍረድ ደግሞ የእኛ ሥልጣን አይደለም።

አሽከርካሪ ወንድሞቼ «ከተገኘብኝ መንጃ ፈቃዴን እቀማለሁ» ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ተራ አይደለም፤ የልጆች እንጀራ አለበት። ነገር ግን ይህ በሽታ የሚታከም ነው። አየር በግፊት የሚሰጠው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ሕክምናውን በትክክል የሚከታተል አሽከርካሪም በሥራው የሚቀጥልበት መንገድ አለ። መሪ ጨብጦ ላንቀላፋ ሰው ግን ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል፤ አጠገቡ ለሚያልፈውም እንዲሁ። ባልንጀራን መውደድ እዚህም ላይ ይሠራል።

ለአገልጋዮችም አንድ ቃል አለኝ። ጌታችን ሌሊቱን በጸሎት አድሯል (ሉቃስ 6፥12)፤ የአዳር ጸሎታችን ይቀጥል። ነገር ግን ሁለት ሌሊት ሠርቶ የመጣውን ወንድም «ዛሬስ ሄደህ ተኛ» ማለት እንልመድ። ንጋት ላይም ማን ማንን እንደሚያደርስ ሳናውቅ በሩን አንዝጋ።

እንግዲህ ቀጠሮ ያላችሁ ወገኖች፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱ ተለጥፎ መብራቱ ሲጠፋ፣ የሚጠብቃችሁ እንደማይተኛና እንደማያንቀላፋ አስታውሱ (መዝሙር 121)። እርሱ ስለሚነቃ እናንተ መተኛት ትችላላችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።