የምግብ ማድረቂያ ለመግዛት ላሰበ ወጣት

አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አሜሪካ አገር የሚኖሩ አክስቱ የምግብ ማድረቂያ መኪና ላኩለት። ባለ አምስት ትሪ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ወዳጆቹ ተሰበሰብን፤ ማንጎ ከትፈን ደረደርን፤ እርሱም በመለወጫ ሶኬት ሰካው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጭስ ወጣ። ለካ መኪናው የተሠራው ለ120 ቮልት ኖሯል፤ የአገራችን መብራት ግን 220 ቮልት ነው። የሚያሳፍረው፣ ከመካከላችን ሦስቱ ፊዚክስ የተማርን ነን።

«ለመሆኑ ቋንጣውን በገመድ፣ በርበሬውን በሰሌን ላይ ፀሐይ ሲያደርቅልን ኖሮ የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይን የሚወዳደር ርካሽ ማድረቂያ አይገኝም። ነገር ግን በሐምሌ ዝናብ፣ ያውም ማስጫ ግቢ በሌለው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ ጉዳዩ ሌላ ነው።

መኪናውን አብዝተው የሚሹት ደግሞ ምግብን ሳያበስሉ መብላት የመረጡ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከ48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሞቀውን ጥሬ ብለው አይጠሩትም። (ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ለምንበላ ለእኛ ነገሩ አዲስ አይመስልም፤ እነርሱ ግን የሚበዙት አትክልት በሎች ናቸው።) እንደ ቂጣ የሚበሉት ተልባን በውሃ ዘፍዝፈው፣ ሲያያዝ እንደ ሊጥ በስሱ አንጥፈው ያደረቁትን ነው።

በገበያ ላይ የሚታየው መኪና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብ ሆኖ ትሪ በትሪ ላይ የሚደረደርበት፣ ማራገቢያውም ከታች ወይም ከላይ ያለ ነው፤ ርካሹ እርሱ ነው። ጉድለቱ ለማራገቢያው የቀረበው ትሪ ቀድሞ ሲደርቅ የራቀው እንደ ረጠበ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ እየተነሡ ማለዋወጥ ያስፈልጋል። ትሪው መካከሉ ክፍት ስለሆነም የተልባውን ሊጥ ለማንጠፍ አይመችም። ሁለተኛው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ሆኖ ማራገቢያው ከበስተኋላው ነው፤ ነፋሱ በየትሪው ላይ ተመጣጥኖ ያልፋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በወር አንድ ጊዜ ማንጎ ለሚያደርቅ ሰው ክቡ ይበቃዋል።

ክብም ሆነ ሣጥን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌለው ግን አትግዙት። በእኔ አስተያየት ገንዘብ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው እንጂ ለትሪው ብዛት አይደለም። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለው መኪና እርሱ በወደደው ልክ ይሞቃል። ሙቀቱ ሲበዛ የፍሬው ውጭ ቶሎ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ ውስጡ የታሰረው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ደረቀ ተብሎ በጠርሙስ የተቀመጠውም ማንጎ ሰንብቶ ሻግቶ ይገኛል።

የመብራቱንም ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ይገባል። የ400 ዋት መኪና 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ማሞቂያው እየጠፋ ስለሚበራ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ቲማቲም ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ያን ያህል ሰዓት የተደከመበት አንድ ኪሎ መጨረሻው አንድ ጭብጥ ነው። ድምፁም አለ፤ ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ በራስጌ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ብፁዕ ነው።

አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ፤ ሥጋን በዚያ በለብታ ሙቀት አታድርቁ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሥጋ ሳይደርቅ በፊት 71 ዲግሪ ሙቀት እንዲያገኝ ይመክራል፤ በለብታው በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አይሞቱም።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ዕቃው ሳይላክ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት በስልክ አስነብቡ። የጓደኛዬ አክስት ደውለው «እንዴት ነው መኪናው፣ ልጄ?» ሲሉት፣ «እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ፣ እየሠራ ነው» አላቸው። ትሪዎቹ በእርግጥ እየሠሩ ነው፤ መስኮቱ ሥር በርበሬ ያሰጣባቸዋል።