ተራራ የሚናደው በዝናብ ብቻ ነውን? ከፍሪታውን አደጋ የምንማረው

ነሐሴ 8 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2017) ማለዳ ላይ፣ በሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን የሹገርሎፍ ተራራ አንድ ጎን ተንዶ ሬጀንት በተባለው ሰፈር ላይ ወረደ። ብዙዎች ገና ከእንቅልፋቸው አልነቁም ነበር። ጭቃው፣ ቋጥኙና ግንዱ የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ቤቶችን እየጠረገ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ወረደ። የሞቱትና የገቡበት ያልታወቀው ከ1,100 በላይ ናቸው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነችው አገር ልጆቿን በጅምላ ቀበረች።

መምህር ሳለሁ «መሬት ለምን ይንሸራተታል?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «በዝናብ!» ይሉ ነበር። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በዚያ ክረምት ፍሪታውን ላይ የጣለው ዝናብ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ሆኖም ያው ዝናብ በሁሉም ተራሮች ላይ ሲዘንብ ያን ያህል ሕዝብ ይዞ የተናደው አንዱ ነው። ለምን እዚያ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የመንስኤዎች ካርታ ነው። ባለሙያዎች አንድን አካባቢ በተለያየ መልክ ደጋግመው ይስላሉ፦ የቁልቁለቱን መጠን፣ የአፈሩንና የዓለቱን ዓይነት፣ የውሃውን መውረጃ፣ የደኑን ሽፋን፣ ቤትና መንገድ የተሠራበትን ቦታ። ከዚያ እነዚህን አንዱን በሌላው ላይ ይደርቧቸዋል። አደጋዎቹ ሁሉ የተደራረቡበት ቦታ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

በፍሪታውን መንስኤዎቹ ተደራርበው ነበር። ተራሮቹ ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብለው የሚነሡ ናቸው። ዓለቱ በዘመናት ሙቀትና ዝናብ ፈርሶ ወፍራም አፈር ሆኗል፤ ይህ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ መያዣውንም ይለቃል። ይህ የተፈጥሮ ድርሻ ነው። ሌላው የሰው ነው። ከ1991 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከገጠር የሸሸው ሕዝብ ወደ ከተማዋ ጎረፈ። ሜዳው ሲሞላ ተራራው ላይ ወጣ። ለቤትና ለማገዶ ደኑ ተመነጠረ፤ አፈሩን የያዘው ሥር አብሮ ጠፋ። ቁልቁለቱ ለቤት መሠረት ተቆረጠ፤ የውሃ መውረጃዎች ተዘጉ። ዝናቡ የመጨረሻው ገፊ ብቻ ነበር።

«የአላህ ቀደር ነው» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን በቀደር ማመን ሰበብ ከማድረስ አያግድም። ካርታ ማንሣትም ሰበብ ማድረስ ነው።

ይሁን እንጂ ካርታ ብቻውን ማንንም አያድንም። ድሃው ተራራው ላይ የሚወጣው አደጋውን ስላላወቀ ብቻ ሳይሆን ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ቀይ ቀለም የተቀባበትን ሰፈር «ልቀቅ» የሚል ባለሥልጣን «ወዴት?» ለሚለውም መልስ ሊኖረው ይገባል። የፍሪታውን ከተማ አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ጀምሯል፤ ነዋሪዎችም ችግኞቹን ለሚንከባከቡበት ክፍያ ያገኛሉ። መልካም ጅምር ነው፤ ዛፍ ግን የቤትን ጥያቄ አይመልስም።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው ሄደው ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው።

ስለዚህ በተራራ ግርጌ ወይም ወገብ ላይ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በክረምት መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ የጠራው ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ራቁ፤ ለአካባቢው አስተዳደርም አሳውቁ። ናዳ ወርዶ ከሆነም ከመግባታችሁ በፊት ከላይ የቀረውን ቁልቁለት የሚጠብቅ ሰው አቁሙ። አላህ የሞቱትን ይማር፤ የቀሩትን ይጠብቅ።